ልዑሉ፣ ዝሆኑና መለያ የሌለው ወፍ

ኬላው ላይ የቆመው ሚሊሻ ባይኖኩላራችንን ተቀብሎ በተገላቢጦሽ፣ በትልቁ መስታወት በኩል አየበትና ከት ብሎ ሳቀ። “ይሄ ቅርብ ያለውን ማራቂያ ነው እንዴ?” አለን። አዙረን ሰጠነው። ማዶ ያለውን ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ የቆመችውን ላም፣ በመጨረሻም የሾፌራችንን አፍንጫ ሳይቀር በተራ ተመለከተ።

“ታዲያ ምን ፍለጋ መጣችሁ?”

“ወፍ።”

ዝም አለ። መታወቂያችንን አንድ በአንድ እንደገና አየ። ከዚያም እስከ ዛሬ ደህና መልስ ያላገኘንለትን ጥያቄ ጠየቀን። “አዲስ አበባ ወፍ የለም?”

አለ። ችግሩ እኛ አለማወቃችን ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛ የከተማ ልጆች የምናውቃቸው ወፎች ቁራ፣ ርግብ፣ ጥንብ አንሳና ጭልፊት ናቸው። አምስተኛው “ወፍ” ይባላል፤ ከአራቱ ውጭ ያለው ሁሉ ማለት ነው። በዚህች አገር ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ስለዚህ ወደ ስምንት መቶ ሃምሳ የሚጠጉ ፍጥረታትን “ወፍ” ብለን አንድ ላይ ጠቅልለን ነው የምንኖረው። እነዚህን ሁሉ ለይቶ የመዘገባቸው ማን ነው? ስምስ ማን አወጣላቸው? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ኬላ ነው፤ የሚሄደው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ታሪኩን የጻፉት እነሱ ናቸውና በራሳቸው ካላንደር እንያዛቸው።)

መንገዱ ከክብረ መንግሥት፣ ማለትም ከአዶላ፣ በዋደራ በኩል ወደ ነጌሌ ቦረና የሚወስደው ነው። የሄድነው ከዓመታት በፊት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ በወርቋ የምትታወቀውን ሻኪሶን በጎን ትተን ስናልፍ፣ መሬቱ ቀይ፣ ዛፉ ረጅም ሆነ። ዝግባ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ሾላ። ወደ ነጌሌ እየቀረቡ ሲሄዱ ደኑ ይሳሳል፤ ጽድ ይበዛል፤ ከዚያ ግራሩ ይተካና ቆላ ውስጥ ይገባሉ። ከዋናው መንገድ ወደ ጫካው የሚገቡ የእግር መንገዶች አሉ፤ ከብት፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና አህዮች የሚሄዱባቸው። ወፍ የሚታየው በነዚህ ነው። የመኪና ድምፅ ባለበት ወፉም አይቆይም፣ ሰውም አይሰማም።

ወፍ ማየት ከሩቅ ሲያስቡት የሰነፍ ሥራ ይመስላል። ሰነፍ ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አይነሣም። የሚሄዱት እንደ ሙሽራ ቀስ እያሉ ነው። አሥር እርምጃ ሄዶ መቆም፣ መስማት፣ ደግሞ አሥር እርምጃ። ወሬ አይፈቀድም (ከመካከላችን ይህ ሕግ የገደለው ሰው አለ)። መሪያችን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የአካባቢው ሰው ነበሩ፤ እኛ አባባ ነበር የምንላቸው። ጎትተው ያቆሙን ፍሬው የበሰለ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። “ተቀመጡ። እሱ ይመጣል” አሉ። ይህ ሁሉም ወፍ ተመልካች ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ጥበብ ነው፦ ወፉን አትከተል፣ ምግቡ ያለበት ጠብቀው።

እሱ የተባለው ቱራኮ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ታውራኮ ሩስፖሊ ይባላል። ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ቢሆን ከዚህ ከደቡቡ ጥግ ውጭ የለም። ርዝመቱ አርባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ገላው አረንጓዴ፣ የራሱ ጉትዬ ወተት የመሰለ ነጭ፣ ከማጅራቱ በኩል ደብዘዝ ያለ ቀይ ነካ ያደረገው። ቅርንጫፍ ላይ ሲሄድ ወፍ አይመስልም፤ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል፣ ይዘላል። ቅጠል መሀል ከገባ እዚያው እያለ ይጠፋባችኋል። ሲበር ግን ክንፉ ይገለጥና ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል።

ስለዚህ ቀይ ትንሽ እንበል፤ ይገባዋልና። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ቀለም እውነተኛ አረንጓዴ አይደለም፤ ላባው ብርሃንን የሚሰብርበት መንገድና ከሥሩ ያለ ቢጫ ተደምረው ዓይናችንን የሚያታልሉበት ነው። የቱራኮ አረንጓዴ ግን እውነተኛ ቀለም ነው። ቀዩም እንደዚያው፤ ቱራሲን ይባላል፣ ውስጡ መዳብ አለው። አርተር ቸርች የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1869 ነው ይህን የደረሰበት። ቀለሙ እንደ ሳሙና ባለ አልካሊ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ደሃ ከሚመስል ጫካ ውስጥ አንድ ወፍ ከፍሬ መዳብ እያጠራቀመ ክንፉን ይቀባል ማለት ነው። ወርቅ ፍለጋ ተራራውን ሲቆፍር የኖረ ሰው ሁሉ ከራሱ በላይ የሚበረውን መዳብ አላየም።

አሁን ወደ ስሙ። ሩስፖሊ ማን ነው?

ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተወለደው በ1866 ሮማኒያ ውስጥ ነው። እናቱ ሮማኒያዊት፣ አባቱ ኢማኑኤሌ ሩስፖሊ የጣሊያን ልዑልና የሮማ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው። ልጁ ሀብት፣ ማዕረግና ጊዜ ነበረው። በዚያ ዘመን እነዚህ ሦስቱ ያሉት የአውሮፓ ወጣት ወይ ቁማር ይጫወታል ወይ አፍሪካን “ያገኛል”። ኤውጄኒዮ ሁለተኛውን መረጠ። በ1891 አንድ ጊዜ ሶማሌ ምድርን ሞከረ። በ1892 መጨረሻ ደግሞ ከበርበራ ተነሥቶ በኦጋዴን አድርጎ ወደ ገናሌና ወደ ዳዋ ወንዞች አገር ዘለቀ። አብሮት ዶሜኒኮ ሪቫ የሚባል ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። ልብ በሉ፣ በዚያው ጊዜ ሌላው ጣሊያናዊ ቪቶሪዮ ቦቴጎም እነዚያኑ ወንዞች ሲያስስ ነበር። አንድ ወንዝ በአንድ ዓመት በሁለት ጣሊያናውያን “ሲገኝ” ወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጣው ሰው ምን ብሎ ይሆን?

ሩስፖሊ እየሄደ ይሰበስባል። ዕፅዋት፣ ነፍሳት፣ ወፍ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1893 ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ሊያድን ወጣ። ዝሆኑ ገደለው። ዕድሜው 27 ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በዚያ ዘመን ወደዚህ አገር የመጡ አሳሾች ታሪክ አብዛኛው “አነጣጠርኩ፣ ተኮስኩ፣ ወደቀ” ነው። በዚህኛው ታሪክ ግን ዝሆኑ የራሱን ምዕራፍ ጽፏል። ስንስቅ አባባ አልሳቁም፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

የልዑሉ ስብስብ ጣሊያን ደረሰ። ወፎቹን እንዲመረምር የተሰጠው ቶማሶ ሳልቫዶሪ ነው፤ በወጣትነቱ ከጋሪባልዲ ጋር ሲሲሊ የዘመተ ሐኪም፣ በኋላ በቶሪኖ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዕድሜውን በሙሉ ወፍ ሲመረምር የኖረ ሰው። ሳልቫዶሪ ከደረቁት ቆዳዎች መካከል የማያውቀውን ቱራኮ አገኘ። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረውን ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበትን ቱራኮ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል ገና በ1835 ለዓለም አስተዋውቆታል። ይህ ግን ሌላ ነበር። ሳልቫዶሪ በ1896 አዲስ ዓይነት ነው ብሎ መግለጫውን አወጣ፤ በሟቹ ልዑልም ስም ሰየመው።

1896 የሚለው ቁጥር ጆሯችሁ ላይ ደወል እንደደወለ እናውቃለን። አዎ፣ የዓድዋ ዓመት ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመያዝ ሞክራ በተሸነፈችበት ዓመት አንድ የኢትዮጵያ ወፍ በጣሊያን ልዑል ስም ተመዘገበ። ሳልቫዶሪ ይህን ለብቀላ አደረገው ማለታችን አይደለም፤ ለሞተ ወጣት ማስታወሻ ነው የሰጠው። ነገር ግን የሰው አገር የሚያዝበት መንገድ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ በላቲን ይጻፋል።

ዋናው ችግር ሌላ ነበር። ወፉ መለያ አልነበረውም።

ለሙዚየም የሚሰበሰብ ወፍ እግሩ ላይ ትንሽ ወረቀት ይታሰርለታል። የት ተገኘ፣ መቼ፣ በምን ከፍታ፣ ወንድ ነው ሴት፣ ማን ሰበሰበው። ያች ወረቀት ከሌለች ቆዳው ያማረ የሞተ ነገር ብቻ ነው። ሩስፖሊ ስለዚህ ወፍ ማስታወሻ ሳይተው ሞተ። በ1892 ይሁን በ1893፣ ከኦጋዴን እስከ ቡርጂ ባለው ረጅም መንገድ የትኛው ዛፍ ላይ እንደተገኘ የሚናገር ሰው ጠፋ። ሳይንስ አንድ አዲስ ወፍ ነበረው፤ አገሩን ግን አያውቀውም።

አያውቀውም የሚለውን ቃል ግን እንመርምረው። ያንን ወፍ ለልዑሉ ማን አሳየው? ልዑሉ ብቻውን አልሄደም። ግመል ነጂ፣ ጠመንጃ ተሸካሚ፣ አስተርጓሚ፣ መንገድ መሪ ነበረው፤ በዚያ ዘመን እንደዚህ ያለ ጉዞ ያለ እነሱ አንድ ቀን አይዘልቅም። ከልዑሉ ሞት በኋላ ወፉ የት እንደተገኘ ሊናገሩ የሚችሉ ሰዎች በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ጫካው ውስጥ ደግሞ ወፉን በየቀኑ የሚያየው፣ በስሙ የሚጠራው ሕዝብ ነበር። “የጠፋው” የተባለው ወፍ በጉጂና በቦረና ሰው ዘንድ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ወረቀት ላይ ነው።

ወረቀት ላይ ጠፍቶም ወደ ግማሽ ክፍለ ዘመን ቆየ።

በመካከል ጣሊያን ተመልሳ መጣች፤ የአምስቱ ዓመት ወረራ። ይህን ክፍል ባንጽፈው ደስ ባለን ነበር፤ ግን የወፍ ታሪክ የንጹሐን ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1937 ኤዶአርዶ ዛቫታሪ የተባለ የእንስሳት ሳይንቲስት ወደ ቦረና የተላከ የምርምር ቡድን መርቶ መጣ። 1937 ማለት አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 እልቂት የተፈጸመበት ዓመት ነው። የዛቫታሪ ቡድን ያቤሎ አካባቢ አንድ እንግዳ ወፍ አገኘ፤ ግራጫና ነጭ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው የቁራ ዘመድ። የሚላኖው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1938 ወፉን ሲገልጸው ሁለት ሰው አከበረበት። የወገኑን ስም ለዛቫታሪ ሰጠ፤ የዓይነቱን ስም ለዘመኑ ታላቅ የወፍ ሊቅ ለጀርመናዊው ኤርቪን ሽትሬዘማን። ዛቫታሪዮርኒስ ሽትሬዘማኒ።

በዚያው በ1938 ሐምሌ ወር ሮማ ላይ አንድ ሰነድ ወጣ፤ የዘር ማኒፌስቶ ይባላል። የሰው ዘሮች ትልቅና ትንሽ፣ ንጹሕና ክልስ ተብለው በ“ሳይንስ” የተደረደሩበት፣ የፋሺስቱ የዘር ሕግ መግቢያ የሆነ ሰነድ ነው። ከፈረሙት አሥር ሳይንቲስቶች አንዱ ዛቫታሪ ነው።

ወፉ ዛሬም ያቤሎ ግራር ላይ እሾህ እየሰበሰበ ቤቱን ይሠራል። በዓለም ላይ ያለው እዚያና በዙሪያው ባለች ትንሽ ክልል ብቻ ነው፤ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት የሚኖርበትን ድንበር የሚወስነው ሙቀት ነው፤ አካባቢው ከዙሪያው ቀዝቀዝ ስለሚል ነው የሚኖርበት። ምድር እየሞቀች ስትሄድ መሄጃ የለውም። አገሩን የሚያጣው ወፍ የሚጠራው፣ የአገሩን ሰው ከሰው በታች አድርጎ በፈረመ ሰው ስም ነው። ይህን የነገርነው አንድ ጓደኛችን “ወፉ አያውቅም” አለን። እውነት ነው፣ ወፉ አያውቅም። እኛ ግን አሁን አወቅን።

በ1941 የካቲት የደቡብ አፍሪካ ጦር ሜጋን ከጣሊያን አስለቀቀ። ከኬንያ በኩል ከገባው የእንግሊዝ ጦር ጋር ኮንስታንቲን ቤንሰን የሚባል መኮንን ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት በኒያሳላንድ፣ በዛሬዋ ማላዊ፣ የቅኝ ግዛት ሹም የነበረ። ሰውየው ጦርነት ላይ ሆኖ ወፍ ይሰበስባል። በ1942 ከሜጋ አካባቢ አንዲት በአየር ላይ ነፍሳት እየቀለበች የምትኖር፣ ጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ ወፍ ለሳይንስ አስተዋወቀ። ስሟን በሰው አልጠራም፤ በሜጋ ከተማ ሰየማት። እግረ መንገዳችንን እናመስግነው። ያንን መለያ የሌለውን ቱራኮም ያገኘው ቤንሰን ነው፤ አሬሮ ጫካ ውስጥ፣ ጽዱ መሀል። ከልዑሉ ሞት በኋላ ወደ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ወፉ አድራሻ አገኘ።

ስለ ቤንሰን ሲነሣ የማይቀር ሌላ ስም አለ። ጃሊ ማካዋ። የማላዊ ሰው ነው፤ ለረጅም ዓመታት ከቤንሰን ጋር በማላዊና በዛምቢያ ጫካ ወፍ ሲሰበስብ የኖረ፣ ጆሮው ከማንኛውም ፕሮፌሰር የተሻለ የሚባልለት። በ1964 ዛምቢያ ውስጥ አንድ ወፍ ያዘ። ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያለ ሁለተኛ ናሙና አልተገኘም። ቤንሰንና ባልደረባው በ1965 ወፉን ሲገልጹ ማካዋይ ብለው በጃሊ ስም ሰየሙት። እንግዲህ ይቻል ነበር ማለት ነው። ወፉን ያየውን ዓይን በስሙ መጥራት ይቻል ነበር። በሩስፖሊ ጊዜ ማንም አላሰበውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከጠመንጃ ወደ ባይኖኩላር የሚሻገር ነው፤ እያንዳንዱን አንዘረዝርም። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አወጡ፤ ያሳተመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። የአገሪቱ የወፍ ዝርዝር አገር ውስጥ ታተመ። ጆን አሽ የተባለው እንግሊዛዊ ከ1969 ጀምሮ እዚህ ተቀምጦ ስምንት ዓመት ያህል መረጃ ሰበሰበ፤ ከጆን አትኪንስ ጋር ያዘጋጀው ትልቅ የስርጭት አትላስ በ2009 ወጣ፣ አርባ ዓመት የፈጀ ሥራ። በ1990ዎቹ ደግሞ ሉካ ቦርጌሲዮ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ መጥቶ የሩስፖሊን ቱራኮ ኑሮ አጠና። ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ጣሊያናዊ፣ ዝሆን ሳያድን። ያ ወፍ ከታሰበው በላይ ቦታ እንዳለው፣ ሾላና ዝግባ የመሰለ ፍሬ ያለበትን የደን ጠርዝና የወንዝ ዳር እንደሚወድ፣ ያ ነጭ ጉንጭ ያለው የደጋ ዘመዱ በሚደርስበት ቦታ ከርሱ ጋር እንደሚሻማ፣ አንዳንድ ቦታም እንደሚዳቀል ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች ታወቀ። ጠላቱ ግን ዘመዱ አይደለም። መጥረቢያ ነው፤ ከሰል፣ እርሻ፣ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ የሚሸሸው የደን ጫፍ።

አንድ ታሪክ ሳንነግራችሁ ብናልፍ ይቆጨናል። በ1990 የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ሜዳ ላይ በመኪና መንገድ ላይ የተጨፈለቀ ወፍ አገኙ። ሌሊት የምትበር፣ ቀን መሬት ላይ ተኝታ የምትውል ወፍ ናት (የሌሊት ወፍ ከምንላት አጥቢ እንስሳ ጋር አትምታታባችሁ)። የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ያን ክንፍ ይዘው በየሙዚየሙ አነጻጸሩ፤ ከማንም ጋር አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዓይነት ናት ብለው ገለጿት፤ ስሟንም ሶላላ አሏት፣ በላቲን “አንድ ክንፍ ብቻ” እንደማለት። መግለጫውን ከጻፉት አምስት ሰዎች አንዱ ጨመረ ዘውዴ ነው። በዚያ ሁሉ የሩፕል፣ የሳልቫዶሪ፣ የሞልቶኒ ሰልፍ ውስጥ ስናልፍ ከርመን ይህን ስም ያነበብን ቀን ካፌው ውስጥ ጮኸናል። አስተናጋጇ ኳስ የገባ መስሏት ነበር።

ነጌሌ ስንደርስ ሌላም አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሊበን ሜዳ ይገኛል። በ1968 ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር እዚህ አንዲት ቡናማ፣ መሬት ላይ የምትኖር፣ ሣር ውስጥ የምትሸሸግ ወፍ ሰበሰበ። በ1975 ሲዳሞኤንሲስ ተብላ ተገለጸች። ሲዳሞ የሚባለው ክፍለ ሀገር ከካርታ ከጠፋ ስንት ጊዜው፤ በወፏ ስም ግን አለ። ወፏም ልትጠፋ ነው። ሜዳው ታርሶ፣ ቁጥቋጦ ወርሶት፣ ሣሩ ተግጦ አልቆ፣ ከአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ የመጀመሪያዋ ጠፊ ወፍ እንዳትሆን ተፈርቷል። የቦረና አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ “ከሎ” የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሣር እንዲያገግም አጥሮ ማቆያ። ማኅበረሰቡና የጥበቃ ድርጅቶች አሁን ለወፏም ለጥጃም ብለው የሚያጥሩት ይህንኑ ከሎ ነው። ከላቲኑ ስም ይልቅ ያቺን ወፍ ሊያቆያት የሚችለው ይህ የቦረና ቃል ይመስለናል።

ወደ ስሙ ክርክር እንግባ፤ በመኪናው ውስጥ ከዋደራ እስከ ነጌሌ የተጨቃጨቅነው በርሱ ነው። የአሜሪካ የወፍ ሳይንስ ማኅበር በ2023 መጨረሻ በሰው ስም የሚጠሩ የሰሜን አሜሪካ ወፎችን የእንግሊዝኛ ስም ሁሉ እንደሚቀይር አስታወቀ። በ2020 ደግሞ በባርነት ደጋፊው ጦር መኮንን በነበረ ሰው ስም ትጠራ የነበረችን ወፍ ቀይሯል። የያቤሎውን ቁራም በዓለም አቀፍ ዝርዝሮች “የኢትዮጵያ” ብለው የሚጠሩት አሉ። የላቲን ስም ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የተሰጠው ይጸናል። ዛቫታሪ በላቲን አይነቀልም።

ከመካከላችን ግማሾቹ “ሩስፖሊም ይነሣ!” አሉ። ሌሎቹ “ሩስፖሊ ምን አደረገ? ሞተ እንጂ” አሉ። አንደኛዋ ያለችው ግን ክርክሩን ለጥቂት ኪሎ ሜትር ዝም አሰኘው፦ “ቀይሩት ብትባሉስ ምን ብላችሁ ልትቀይሩት ነው? አማርኛ ስም የላችሁም። የኦሮምኛውን አታውቁም። ነጥቀን እንስጠው የምትሉት ምኑን ነው?”

እኛ የደረስንበት ፍርድ፣ ልትስማሙም ላትስማሙም ትችላላችሁ፣ ይህ ነው። ሩስፖሊ ይቆይ፤ የሞኝነቱ ታሪክ ያስተምራልና። የዛቫታሪ በየቀኑ በምንናገረው ቋንቋ ባይነሣ ደስ ይለናል። ከሁለቱም በላይ ግን ጫካው አጠገብ የሚኖረው ሰው የሚጠራበት ስም በወፍ መጽሐፍ ላይ ከላቲኑ ጎን ይታተም። በሚቀጥለው እትም ቢሆን ችግር የለብንም።

ይህን ለመጀመር ነበር አባባን የጠየቅናቸው። የሾላው ሥር ተቀምጠን፣ ጀርባችን በጤዛ ርሶ፣ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ከላይ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው የመሰለ ሻካራ ድምፅ መጣ። አባባ በጣታቸው ሳይሆን በአገጫቸው አመለከቱ። ነጩ ጉትዬ ቅጠሉ መሀል ወጣ፤ ገባ። ቅርንጫፉ ላይ ሮጠ። አንድ ፍሬ ዋጠ። ሁለተኛ መጣ። ሁላችንም አንድ ባይኖኩላር ስለነበረን የመጀመሪያው ተመልካች ሲጠግብ ተራ እስኪደርሰን ያየነው በባዶ ዓይን ነው። ከዚያ ሁለቱም ተነሥተው ከጫካው ክፍት በላይ ሲበሩ አራት ቀይ ክንፍ አየን፤ ይህን ለማየት ባይኖኩላርም አያስፈልግም።

“ስሙ ማን ነው?” አልናቸው። ነገሩን። ድገሙልን አልን፤ ደገሙልን። ማታ ማስታወሻችንን ስናወጣ ሦስታችን በሦስት ዓይነት ጽፈነው አገኘን። አንዳችን የጻፈው ቃል በኋላ ሲጣራ የሌላ ዛፍ ስም ሆኖ ተገኘ። በሩስፖሊ ላይ ለመሳቅ የነበረን ድፍረት እዚያች ላይ ትንሽ ቀነሰ።

ስለዚህ በማግስቱ ተመልሰን ሄድን። በዚህኛው ጊዜ ወረቀት ይዘን፣ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ዛፉ ሾላ፣ ወፎቹ ሁለት ብለን ጻፍን። መጨረሻው መስመር ላይ “ያሳየን ሰው” የሚል አሰመርን። አባባ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ሰባት ትውልድ ድረስ አስጻፉን፤ ወረቀቱ አልበቃም፣ በጀርባው ቀጠልን። ኢንተርኔት ላይ ግን አታውጡት አሉ፤ አላወጣነውም። የወፉንም ስም ፊደል በፊደል አስደግመን ጻፍን። ያ ወረቀት አለ፤ መጽሐፉን ለሚያዘጋጅ ሰው እናስረክባለን።

የልዑሉንም ታሪክ ነገርናቸው። ከበርበራ እንደተነሣ፣ ቡርጂ እንደደረሰ፣ ወፉን ይዞ እንደነበር፣ ዝሆን ሊያድን ወጥቶ እንደሞተ። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙን። ዛሬ በዚያ አገር ዝሆን የለም። ትንሽ ቆይተው ዱላቸውን መሬት ላይ እየነካኩ ጠየቁን።

“ዝሆኑስ?”